ሠራተኛ የቀነሰ ኩባንያ አንቲቫይረስ ይታደስ ወይስ ይቅር? ከጅማ የተነሳ ክርክር

ጥያቄውን በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ያነሳው ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለ የአንድ ቡና ነጋዴ ቢሮ ኮምፒውተሮችን የሚከታተል ባለሙያ ነው። ከምርቱ ስም በቀር የደበቀው ነገር የለም። ማሽኖቹ 14 ናቸው፤ ፕሮሰሰራቸው ኮር አይ ስሪ፣ 4 ጊጋ ራም፣ የሚሽከረከረው ዓይነት ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10። ሒሳቡ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ይሠራል፤ ኢንተርኔቱ ከአንድ የፎርጂ ራውተር ለሁሉም ይዳረሳል። የአንቲቫይረሱ ዓመታዊ ላይሰንስ ሊያልቅ ተቃርቧል። አምራቹ ሠራተኛ መቀነሱን አስታውቋል፤ ሻጩ ደግሞ ዋጋውን ከእጥፍ በላይ ሰቅሎታል። ምርቱ ማሽኖቹን ያንቀረፍፋል፤ በፍላሽ የሚገባውን ሾርትከት ቫይረስ ግን እያየ ያሳልፈዋል። ይታደስ? በሌላ ይቀየር? ወይስ ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣው ዲፌንደር ይበቃል?

የእኔን አቋም ከፊት ላስቀምጥ። የሠራተኛ ቅነሳ ዜና ብቻውን ላይሰንስ ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ የኩባንያው ትልቅነትም ብቻውን ለማደስ አያበቃም። የጅማን ቢሮዎች ፋይል የሚያስበላው በአብዛኛው እዚሁ በእጃችን ያለ ጉዳይ ነው። ከጥያቄው ሥር የተጻፉትን መልሶች በዚህ ዓይን እያየሁ በቁጥራቸው አስከትላለሁ።

ቁጥር 1 ጠያቂውን አንቱ እያለ በትሕትና ይጀምራል። መጀመሪያ የተቀነሱት እነማን እንደሆኑ ይለዩ ይላል። እንዲህ ዓይነት ኩባንያ ውስጥ ሽያጩ፣ የደንበኛ ድጋፉ፣ ምርቱን የሚሠሩት ፕሮግራመሮችና የቫይረስ ናሙና የሚመረምረው ላብራቶሪ ለየብቻ ናቸው። ከሽያጭ ቢቀነስ ጅማ ላይ የሚታወቅ ነገር የለም። ከድጋፍ ሲቀነስ በስህተት ቫይረስ የተባለ ፋይል ተልኮ መልስ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ይረዝማል። ላብራቶሪው ከተነካ ደግሞ አዲስ ቫይረስ ወደ ዴፊኒሽን (ምርቱ ቫይረስን የሚለይበት ዝርዝር) የሚገባበት ፍጥነት ይወርዳል፤ ይህን ደንበኛው የሚያውቀው ከተጎዳ በኋላ ነው። ለማሳያ ከደኅንነት ሶፍትዌር አምራቾች ሶፎስ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ከሠራተኞቹ 10 በመቶውን፣ ወደ 450 ሰው ገደማ መቀነሱን፣ ክራውድስትራይክ ደግሞ በሜይ 2025 5 በመቶውን፣ 500 ያህል ሰው መቀነሱንና ኃላፊው አርቴፊሻል ኢንተለጀንስን በምክንያትነት ማንሳቱን ይጠቅሳል።

ቁጥር 2 ጉዳዩን ወደ ባለቤትነት ይወስደዋል። ሶፎስን ቶማ ብራቮ የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በ3.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቅልሎ ገዛው። ሶፎስ በተራው ሴኪውርወርክስን በ859 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ግዢው በፌብሩዋሪ 2025 ሲጠናቀቅ እንደገና 6 በመቶ ሠራተኛ ቀነሰ። ሁለት ድርጅት ሲጋባ ሁለት የሒሳብ ክፍል፣ ሁለት የሽያጭ ክፍል ይኖራልና አንዱ ይሄዳል። የማካፊ የድርጅቶች ምርት በ2021 በ4 ቢሊዮን ዶላር ተሽጦ ከፋየርአይ ጋር ተቀላቅሎ ትሬሊክስ ተባለ። እዚህ ድረስ ትክክል ነው። ሲማንቴክን ብሮድኮም በ2019 በ10.7 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ኖርተንም አብሮ ሄደ ማለቱ ላይ ግን ተሳስቷል።

ስህተቱን ቁጥር 3 ወዲያው ያነሳል። ብሮድኮም የገዛው ለድርጅቶች የሚሸጠውን ክፍል ብቻ ነው፤ ለግለሰቦች የሚሸጠው ኖርተን ቀረ። ኖርተን በኋላ አቪራን ገዛ፣ በ2022 ከአቫስት ጋር ተዋሐደ፣ ዛሬ ጄን ዲጂታል ይባላል። አቫስት ደግሞ ኤቪጂን በ2016 ጠቅልሎ ነበር። ስለዚህ ጅማ ላይ አቫስት ሰለቸኝ ብሎ ኤቪጂ የሚያስጭን ሰው ወደዚያው ኩባንያ ተመለሰ እንጂ አልቀየረም። ቁጥር 3 አንድ የሚሠራ መለኪያም ይሰጣል፤ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚበልጠው እሱ ነው። ላይሰንሱ ሳያልቅ፣ ብር ሳይከፈል፣ ቢሮው የሚያውቀውን ንጹሕ ፋይል ምርቱ በስህተት ይዞት ከሆነ በድጋፍ ገጹ በኩል መላክና መልሱ በስንት ቀን እንደሚመጣ መቁጠር። ደግሞ የተጫነው ቨርዥን የድጋፍ ማብቂያ ቀኑ መቼ እንደሆነ ከአምራቹ ገጽ ማየት። ሰው የቀነሰ ኩባንያ መጀመሪያ የሚተወው የድሮ ቨርዥንን ነው።

ከዚህ በኋላ ድምፁ ይሻክራል። ቁጥር 4 አንቲቫይረስ ሁሉ አንድ ነው፣ ራሱ ቫይረስ ነው ይላል። ማስረጃው አቫስት ነው፤ የተጠቃሚዎችን የኢንተርኔት አሰሳ ታሪክ ጃምፕሾት በሚባለው እህት ድርጅቱ በኩል ሲሸጥ ቆይቶ በ2024 የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ 16.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። ኖርተንም በ2021 ክሪፕቶ ማይኒንግ ከምርቱ ጋር አስገብቶ ከሚገኘው 15 በመቶ ይወስድ ነበር። እውነት ነው። ማይኒንጉ ተጠቃሚው ራሱ ካላበራው እንደማይሠራ ግን ቁጥር 4 አልጻፈም፤ ሊጻፍ ይገባው ነበር።

ቁጥር 5 እሳቱ ላይ ቤንዚን ይጨምራል። ኤፕሪል 21 ቀን 2010 ማካፊ 5958 ቁጥር ዴፊኒሽን ሲለቅ የዊንዶውስ ኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 3 ዋና ፋይል የሆነውን ኤስቪሲሆስትን ቫይረስ ነው ብሎ አነሳው፤ ማሽኖች እየጠፉ እየተነሱ፣ ኔትወርክ እያጡ ቀሩ። ጁላይ 19 ቀን 2024 ደግሞ የክራውድስትራይክ 291 ቁጥር ፋይል 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽን ሰማያዊ ስክሪን ላይ ጣለ። ምክንያቱን በትክክል ያስረዳል፦ አዲሱ ፋይል 21 ግብዓት ይጠብቃል፣ ሴንሰሩ (በማሽኑ ላይ የተጫነው የክራውድስትራይክ ፕሮግራም) የሚያቀርበው 20 ብቻ ነበር፣ ሴንሰሩ የሌለውን ሃያ አንደኛ ሊያነብ ሲሞክር ከርነል (የዊንዶውስ እምብርት) ውስጥ ስለሆነ ዊንዶውስን ይዞት ወደቀ። ስህተቱ በ78 ደቂቃ ውስጥ ተመለሰ፤ ከወደቁት አብዛኞቹ ግን አንድ በአንድ በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ የሚነሳበት) ተነስተው ፋይሉ በእጅ መሰረዝ ነበረበት። ችግሩ የሠራተኛ ቅነሳው ውጤት ነው ብሎ ይደመድማል።

ቁጥር 6 እዚህ ላይ ቆም ያደርገዋል። ብልሽቱ በጁላይ 2024፣ ቅነሳው በሜይ 2025፤ በኋላ የመጣ ነገር የፊተኛውን አያመጣም። የዚያ ቀን ትምህርት ሌላ ነው ይላል፦ አፕዴት በአንድ ጊዜ ለሁሉም ማሽን አይለቀቅ። 14 ማሽን ያለው ቢሮ በሁለቱ ላይ አስቀድሞ፣ ደኅና ከዋለ በማግሥቱ ለቀሪዎቹ ማድረግ ይችላል። ይህ የሚሠራው ለምርቱ ቨርዥን አፕዴት ነው፤ የዕለት ዴፊኒሽን እንዲህ ከዘገየ ጥበቃው ይላላል።

ቁጥር 7 የጥገና ባለሙያ ነው፤ አጻጻፉ አጭርና ደረቅ፣ ይዘቱ ግን ወርቅ። ማሽን የሚንቀረፈፍበትን ምክንያት ከመወንጀል በፊት ይታይ ይላል። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ተከፍቶ፣ ሴቲንግስ ውስጥ ማኔጅ ፕሮቫይደርስ ሲጫን የተመዘገቡት አንቲቫይረሶች ይዘረዘራሉ። ሁለት የውጭ ምርት ከታየ አንድ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ሁለቱም ይሻሙታል፤ በ4 ጊጋ ራምና በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ይህ ኤክስፕሎረርን ለብዙ ሰከንድ ያስቆማል። ብዙ ጊዜ አንደኛው ከላፕቶፑ ጋር የመጣ፣ የሙከራ ጊዜው ያለፈበት፣ ማንም ያላስወገደው ነው። ከኮንትሮል ፓነል ማጥፋት ብቻ ድራይቨሩን ሊያስቀር ስለሚችል አምራቹ ለማስወገጃ ያዘጋጀውን መሣሪያ ማውረድ ያስፈልጋል፤ ማካፊም፣ ኖርተንም፣ አቫስትም፣ ኢሴትም፣ ካስፐርስኪም አላቸው። የአቫስቱና የኢሴቱ በሴፍ ሞድ ቢሠሩ ይመረጣል። ከዚያ ሪስታርት፣ ከዚያ ዲፌንደር መነሳቱን ማረጋገጥ። የውጭው ወጥቶ ዲፌንደር ካልተነሳ ማሽኑ ራቁቱን ነው።

ቁጥር 8 ላይ የጻፈችው የሒሳብ ባለሙያ ናት፤ ጠያቂውን ወንድሜ ብላ ትጀምራለች። ፒችትሪ ፐርቬሲቭ በሚባል ዳታቤዝ ላይ ይሠራል፤ እያንዳንዱ መዝገብ ሲጻፍ የዳታ ፋይሎቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፣ አንቲቫይረሱም በየጊዜው ይመረምራቸዋል። ዳታው በኔትወርክ ከአንድ ማሽን ላይ የሚነበብ ከሆነ ምርመራው በሁለቱም ጫፍ ይደገማል። መፍትሔው የዳታ ፎልደሩን ብቻ ከምርመራ ማግለል ነው። ፎልደሩ የት እንዳለ ለማወቅ ፒችትሪ ውስጥ ሜንቴይን፣ ከዚያ ካምፓኒ ኢንፎርሜሽን ሲከፈት ዳይሬክተሪ የሚለው መስመር ላይ ተጽፏል። ይገለል የምትለው ያንን መንገድ ብቻ ነው፤ ሲ ድራይቭን በሙሉ፣ ዴስክቶፕን ወይም ዳውንሎድስን ማግለል በሩን ገንጥሎ መጣል ነው ትላለች። ፋየርዎሉ የፐርቬሲቭን 1583 እና 3351 ፖርቶች ከዘጋ ደግሞ ሰው አንቲቫይረሱን ይረግማል እንጂ ችግሩ ሌላ ነው።

ቁጥር 9 ወደ ፍላሹ ይገባል፤ ውይይቱ የሞቀው እዚህ ነው። ጅማ ላይ ፍላሽ የማይገባበት ቤት የለም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢም በዋናው ግቢ በርም ያሉት ጽሕፈትና ኮፒ ቤቶች በመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን በቀን ስንቱን ፍላሽ እንደሚያስተናግዱ መገመት ነው፤ አንዱ የተበከለ ማሽን የሰፈሩን ፍላሽ ሁሉ ይበክላል። ሾርትከት ቫይረሱ ፎልደሮቹን አያጠፋም። የተደበቀና የሲስተም የሚሉትን ምልክቶች ይሰጣቸውና በስማቸው ሾርትከት ያስቀምጣል፤ ተጠቃሚው ሲጫነው ዊንዶውስ ስክሪፕት ሆስት (ስክሪፕት የሚባሉ የትእዛዝ ጽሑፎችን የሚያስነሳው የዊንዶውስ ክፍል) የተደበቀውን ስክሪፕት ያስነሳል፣ ፎልደሩም ይከፈታል። ስለሚከፈትም ማንም አይጠረጥርም። ቁጥር 9 አትሪብ በሚባለው ትእዛዝ የተደበቀ፣ የሲስተምና የንባብ ብቻ የሚሉትን ሦስት ምልክቶች ከነንዑስ ፎልደሮቹ ማንሳት፣ ሾርትከቶቹን መሰረዝ፣ ፋይሉን ገልብጦ ፍላሹን ፎርማት ማድረግ ይበቃል ይላል።

ቁጥር 10 ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ ብሎ ያርመዋል፤ እርማቱም ተገቢ ነው። ማሽኑ ላይ ስክሪፕቱ እየሠራ ፍላሽ ማጽዳት በዝናብ ልብስ ማስጣት ነው፤ በሰከንዶች ውስጥ ሾርትከቶቹ ይመለሳሉ። መጀመሪያ ታስክ ማናጀር ውስጥ ደብሊውስክሪፕት የሚለውን፣ ማለትም ስክሪፕት ሆስቱን፣ ማቆም። ከዚያ የስታርታፕ ፎልደሩን፣ ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ሴቲንግ መዝገብ) ውስጥ የተጠቃሚውን ራን የሚባል ቁልፍና ታስክ ስኬጁለርን አይቶ ስክሪፕቱን የሚጠራውን መስመር መሰረዝ፤ መስመሩ የፋይሉን ትክክለኛ ቦታ ስለሚያሳይ ፋይሉንም ከዚያው ማግኘት ይቻላል። ፍላሹ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንዳንዱ ዝርያ ሰነዶቹን ስም የሌለው በሚመስል ፎልደር ውስጥ ያስገባቸዋል፤ ስሙ ባዶ ቦታ ስለሆነ ሰው ፍላሹ ባዶ ነው ብሎ ፎርማት ያደርገዋል፣ ሥራውም ይጠፋል። ከፎርማት በፊት ፍላሹ ላይ የተያዘው ቦታ ስንት ሜጋ እንደሆነ በፕሮፐርቲስ ማየት ከዚህ ያድናል።

አንድ ነገር ሁለቱም አልፈውታል፣ ቁጥር 11 ያስታውሳል፦ ዲፌንደር ፋይል ሲከፈት ፍላሽ ላይም ቢሆን ይመረምራል፤ ሙሉ ስካን ሲደረግ ግን ፍላሽን በነባሪው አይጨምርም። በማግሥቱ ሙሉ ስካን አድርጌ ምንም አላገኘም የሚል ሰው ፍላሹን ጨርሶ አላስመረመረም። ፍላሹ ላይ በቀኝ ተጭኖ ስካን ማድረግ ወይም ፓወርሼል በሚባለው የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ፍላሽ በሙሉ ስካን እንዲጨመር ማድረግ ያስፈልጋል። በቢሮ ደረጃ ስክሪፕት ሆስትን ከሬጅስትሪ መዝጋት በስክሪፕት የሚነሳውን የዚህ ቫይረስ ዝርያ ያቆማል፤ የዊንዶውስን ላይሰንስ የሚያሳየው ኤስኤልኤምጂአር ራሱ ስክሪፕት ስለሆነ እሱም አብሮ እንደሚቆም ግን ይታወቅ።

ቁጥር 12 የላይሰንስ ቁልፍ የሚሸጥ ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ይታወቃል። ነጻ ነገር ጥበቃ አይሆንም፣ ዲፌንደር ለቤት እንጂ ለቢሮ አይደለም ይላል። ቁጥር 13 አንቱታውን ትቶ በአንተ ነው የመለሰለት። በቴሌግራም የሚዞረው ርካሽ ቁልፍ አንዱ ለብዙ ሰው ይሸጣል፤ የተፈቀደው የማሽን ብዛት ሲያልፍ ቁልፉ ይታገዳል፣ ሻጩም ስልኩን ያጠፋል። ለሌላ አገር የወጣ ቁልፍም አለ፤ የካስፐርስኪ ኮዶች በክልል የተገደቡ ስለሆኑ እዚህ ሲሞከሩ አልነሳም ይላሉ። የዋጋውን ነገር ግን ቁጥር 13 ራሱ በፍትሐዊነት አይቶታል፦ ከጁላይ 29 ቀን 2024 ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 በላይ ወጥቷልና የጨመረው ሁሉ የሻጭ ስግብግብነት አይደለም።

የሩሲያው ካስፐርስኪ ከተነሳ ውይይቱ ለጥቂት መልስ ከመስመር ወጣ። ቁጥር 14 ታግዷል፣ አውጡት አለ። ቁጥር 15 እገዳው የአሜሪካ መንግሥት በራሱ አገር የጣለው መሆኑን አስረዳ፤ እዚያ ሽያጩ በጁላይ 20፣ አፕዴቱ በሴፕቴምበር 29 ቀን 2024 ቆመ፣ ደንበኞችም ሳይጠየቁ አልትራኤቪ ወደሚባል ምርት ተዛወሩ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ተጠቃሚ አፕዴቱ አልተቋረጠበትም። ነገሩ ወደ ፖለቲካ ሊያመራ ሲል አወያዩ ገብቶ መለሰው።

ከሁሉ የከበደው ቁጥር 16 ነው፤ ብዙ ሰው ስለሚነካ ይመስለኛል ብዙ የተቆጣበትም። ዊንዶውሱን በአክቲቬተር (ላይሰንስ ሳይገዛ የተገዛ በሚያስመስል ፕሮግራም) ያስነሳ ቢሮ ስለ አንቲቫይረስ ጥራት መከራከር የለበትም ይላል። አክቲቬተሩ ሲጫን ዲፌንደር ይጠፋል ወይም የአክቲቬተሩ ፎልደር ከምርመራ ይገለላል፤ መገለሉ ከዚያ በኋላ ማንም ሳያየው ለዓመታት ይቀመጣል፣ ሌላም ነገር እዚያው ይጠለልበታል። ስቶፕ ወይም ዲጄቩ የተባለው ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) የሚዛመተው በዋናነት በክራክ፣ ማለትም ላይሰንሱ በተሰበረ ፕሮግራም ነው። ፍጥነት እንዲያገኝ የእያንዳንዱን ፋይል የመጀመሪያ 150 ኪሎባይት ገደማ ብቻ ስለሚቆልፍ ትልልቅ ዚፕ ፋይሎች ውስጥ ከመጀመሪያው ሰነድ በኋላ ያሉት አንዳንዴ ይተርፋሉ፤ የወርድና የኤክሴል ሰነድ ግን በአብዛኛው ይሄዳል። ኤምሲሶፍት የተባለው የደኅንነት ድርጅት ያወጣው መፍቻ የሚሠራው ለድሮዎቹ ዝርያዎችና ኢንተርኔት በሌለበት ለተቆለፉት ነው፤ እነሱም ቁልፋቸው ከተገኘ። ስለዚህ የዲፌንደር ኤክስክሉዥንስ (ከምርመራ የተገለሉት) ዝርዝር በየማሽኑ ተከፍቶ ይታይ፣ የማይታወቅ መስመር ሁሉ ይውጣ። የፒችትሪ ፒቲቢ ባክአፕም በውጭ ዲስክ ተገልብጦ ዲስኩ ይነቀል፤ እንደተሰካ የሚያድር ባክአፕ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይቆለፋል።

ቁጥር 17 የሁለቱንም ወገን ሚዛን የጠበቀ ነው፤ እኔም ከሱ ጋር ነኝ። የዲፌንደር ድክመት ቫይረስ መያዙ ላይ አይደለም። 14ቱን ማሽን ከአንድ ቦታ የሚያሳይ ሰሌዳ በነጻው የለም፤ የትኛው አፕዴት እንዳላደረገ ለማወቅ እየዞሩ ማየት ነው። ሰሌዳ ያለው ዲፌንደር ፎር ቢዝነስ እስከ 300 ተጠቃሚ ላለው ድርጅት በሰው በወር 3 ዶላር ነው፤ ዊንዶውሱም ፕሮ መሆን አለበት። የሚከፈልበት ምርት ዋጋው እዚህ ላይ ነው የሚለካው፤ የሚዞር ባለሙያ ካለ አይከፈል፣ ከሌለ ይከፈል። ለኢንተርኔት ወጪው ደግሞ ኤምፓም ኤፍኢ የሚባለውን የዲፌንደር ሙሉ ዴፊኒሽን አንድ ጊዜ አውርዶ በቢሮው ኔትወርክ ማካፈል ይቻላል። ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው፤ ዊንዶውሱ 64 ቢት ከሆነ 64 ቢቱ ይመረጥ። ሲጫን ምንም መስኮት ስለማይከፍት ሰው አልሠራም ብሎ ደጋግሞ ይጫነዋል፤ መሥራቱ የሚታወቀው ፕሮቴክሽን አፕዴትስ ውስጥ የዴፊኒሽኑ ቀን ሲለወጥ ነው።

ጠያቂው በቁጥር 18 ተመልሶ አመሰገነ። በሁለት ማሽኖች ላይ ያላሰበው ሁለተኛ አንቲቫይረስ፣ በአራቱ ላይ ደግሞ ሲ ድራይቭ በሙሉ ተገልሎ እንዳገኘ አሳወቀ።

ቁጥር 19 ሌላ በር ከፈተ፦ ዊንዶውስ 10 ራሱ ድጋፉ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን ዴፊኒሽን በዊንዶውስ 10 ላይ እስከ ኦክቶበር 2028 እሰጣለሁ ብሏል፤ የዊንዶውሱን ቀዳዳ ግን ዴፊኒሽን አይደፍነውም። የተራዘመው ድጋፍ ለድርጅት ለመጀመሪያው ዓመት በማሽን 61 ዶላር ነው፣ በየዓመቱም በእጥፍ ይጨምራል። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሄድ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ፣ ቲፒኤም 2.0 ከሚባለው የደኅንነት ቺፕ ጋር መሆን አለበት፤ ኮር አይ ስሪ ብቻ መባሉ አይበቃም፣ ከአይ ስሪ ቀጥሎ ያለው ቁጥር መጀመሪያ ትውልዱን ይናገራል።

ቁጥር 20 የላይሰንሱ ብር ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ይገዛበት ባይ ነው። የአንቲቫይረስ ምርመራ ብዙ ትንንሽ ፋይል ከተለያየ ቦታ ማንበብ ስለሆነ የሚሽከረከረውን ዲስክ የሚገድለው ይኸው ነው። ወደ ኤስኤስዲ ሲገለበጥ መጀመሪያ ቫይረሱ ይጽዳ፣ አለዚያ እሱም አብሮ ይገለበጣል። ሲያልቅ ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት አሮጌው ዲስክ ይነቀል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት መለያ ስለያዙ ዊንዶውስ አንዱን ኦፍላይን ያደርገዋል።